የጠፋው ማግኔትነት ወዴት ሄደ?

ማግኔት በሰው አስተሳሰብ ውስጥ ቦታ ያገኘው በጽናቱ ነው። አንድ የብረት ቁራጭ አንዴ ማግኔት ከሆነ በኋላ ነዳጅም ሆነ ጠባቂ ሳይሻ ለዓመታት ሰሜንና ደቡቡን ይዞ ይኖራል፤ የኮምፓስ መርፌም ሆነ በኮምፒውተር ዲስክ ላይ የተጻፈ መረጃ የሚታመነው በዚሁ ጽናት ነው። ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ ለሚመረምረው ይህ ጽናት ዕረፍት ሆኖ አይገኝም። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል፣ መሽከርከርን የሚመስል ነገር ግን በማናቸውም የሚታይ ነገር መሽከርከር ሊገለጽ የማይችል ጠባይ አለው፤ በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ውስጥ ከእነዚህ ስፒኖች ብዙዎቹ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ስለሚገኙ የእያንዳንዱ ጥቂት ኃይል ተደምሮ እጅ የሚያውቀው ስበት ይሆናል። ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1911 በዶክትሬት ጽሑፉ፣ ሄንድሪካ ቫን ሌዌን ደግሞ በ1919 እንዳሳዩት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዓለም ከኳንተም በፊት በነበረው ፊዚክስ ብቻ የምትመራ ብትሆን ኖሮ በሙቀት ሚዛን ላይ ያለ ማግኔት ጨርሶ ሊኖር ባልቻለ ነበር። ሕፃናት የሚጫወቱበት ይህ ዕቃ፣ ዓለም በመሠረቷ ከዕለታዊ ልማድ ውጭ በሆነ ሥርዓት እንደምትመራ ከሚመሰክሩት ነገሮች አንዱ ነው።

ጽናት ግን ሁልጊዜ ከአንድ የጊዜ ልክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዓመታት የሚጸና ነገር በሰከንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከዓመታቱ ታሪክ ማወቅ አይቻልም። ኒኬል 354 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብረት ደግሞ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔትነቱን እንደሚያጣ ከተወሰነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሙቀቱ ስፒኖቹን ሲያናውጣቸው ሰልፉ ይፈርሳል። በምን ያህል ፍጥነት ይፈርሳል የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ ጠያቂ ያጣ ነበር፤ መልሱም በአሥሮች ወይም በመቶዎች በሚቆጠር ፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ትሪሊዮንኛዎች እንደሚለካ በብዙዎች ዘንድ ይታሰብ ነበር። በ1996 በፈረንሳይ በስትራስቡርግ ኤሪክ ቦሬፔር፣ ዣን ኢቭ ቢጎና ባልደረቦቻቸው 20 ናኖሜትር ውፍረት ያለውን የኒኬል ንጣፍ 60 ፌምቶሰከንድ ብቻ በሚቆይ የሌዘር ምት መቱት። ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ክፍል ሲሆን፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሻገረው የሚሊሜትር ሺህኛ ክፍልን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የኒኬሉ ማግኔትነት ከአንድ ፒኮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። ያገኙት ነገር ከተጠበቀው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለነበር፣ አዲስ የምርምር ዘርፍ የተወለደው ከዚህ አንድ መለኪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፊዚክስ ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ግን ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ስፒን የሽክርክሪት ሞመንተም አለው፤ ይህም አንድ የሚዞር ነገር ይዞት የሚገኝ፣ ሌላ ነገር ካልተቀበለው በቀር ሊተወው የማይችል መጠን ነው። ኤሚ ኖተር በ1918 ያረጋገጠችው ቴዎረም እንደሚለው ይህ መጠን የማይጠፋው ቦታ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ ከምሥራቅ ይልቅ ሰሜንን የሚያስበልጥ የተፈጥሮ ሕግ ስለሌለ፣ ሽክርክሪት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ እንዲሁ ከንቱ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ የኒኬሉ ስፒኖች ሰልፋቸውን በጥቂት መቶ ፌምቶሰከንድ ውስጥ ካፈረሱ፣ ይዘውት የነበረው ሽክርክሪት በዚያው ጊዜ ወደ አንድ ስፍራ መሄድ ነበረበት። ተመራማሪዎቹ «ወዴት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ምናልባት የትም አልሄደም» የሚለውን መልስ ከመጀመሪያው ከፉክክሩ አስወጥተውታል። ይህ እምነት ከማግኔት ምልከታ የተገኘ አልነበረም፤ ከምልከታው በፊት የነበረና ምልከታው ምን መፈለግ እንዳለበት የወሰነ ነው። ሳይንስ በዓይን ያየውን ብቻ ያምናል የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፣ የማይታይ ሕግ በመታመኑ ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ፍለጋ ተጀመረ።

የሽክርክሪቱ መሄጃ ሊሆን የሚችል አንድ ስፍራ ከቀድሞ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። አልበርት አይንሽታይንና ቫንደር ደ ሐስ በ1915 በበርሊን በቀጭን ክር የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ ማግኔትነቱ ሲገለበጥ ዘንጉ ራሱ እንደሚዞር አሳይተው ነበር፤ በኤሌክትሮኖቹ ውስጥ የተቀየረው ሽክርክሪት በመላው የብረቱ አካል ተካክሷል ማለት ነው። በዚህ ሙከራ አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በዚያን ዘመን ማግኔትነት ኤሌክትሮኖች በአቶሙ ዙሪያ ከመዞራቸው ብቻ እንደሚመጣ ይታሰብ ስለነበር አንድ የተወሰነ ቁጥር 1 እንዲሆን ይጠበቅ ነበር፤ ሁለቱ ሊቃውንትም ከ1 ጋር የሚስማማ ውጤት አቀረቡ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎች ሲለኩት ግን ቁጥሩ ወደ 2 የቀረበ ሆነ፤ ምክንያቱም በ1915 ገና ስሙ እንኳ ያልወጣለት ስፒን ነበር። ታላቁ አይንሽታይን እንኳ የጠበቀውን አየ። ጥበቃ ምርምርን ይመራል፣ ምርምርንም ያስታል፤ በየትኛው ጊዜ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚለይ ዘዴ ግን አልተገኘም።

በ1996ቱ ግኝት ላይም ወዲያው ጥርጣሬ ተነሣ። የስትራስቡርግ ቡድን ማግኔትነቱን ያነበበው በሚታይ ብርሃን ነበር፤ ከማግኔት የተንጸባረቀ ብርሃን የንዝረቱ አቅጣጫ በጥቂቱ ዘወር ስለሚል፣ ከዚያ መዞር ተነሥቶ ማግኔትነቱ ይገመታል። ነገር ግን በሌዘር የተመታ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው ተነቃንቀው ቀለሙና ነጸብራቁም ስለሚለወጡ፣ የብርሃኑ መዞር የቀነሰው ማግኔትነቱ ስለቀነሰ ነው ወይስ መስተዋቱ ራሱ ስለተለወጠ የሚል ጥያቄ በ2000 በኔዘርላንድስ በበርት ኮፕማንስና ባልደረቦቹ ቀረበ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ተራ ብርሃን የሚነካው ብዙ አቶሞች በጋራ የሚይዟቸውን ኤሌክትሮኖች ስለሆነ፣ ምልክቱ ከየትኛው አቶምና ከየትኛው የኤሌክትሮን ጠባይ እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ብርሃን ነበር።

ያ ብርሃን ኤክስሬይ ነው፤ ሐኪም አጥንት የሚያይበት ጠንካራው ሳይሆን ከእርሱ ለስለስ ያለውና ጉልበቱ በትክክል የተመረጠው። በአቶም ውስጥ ጠልቀው የሚኖሩ ኤሌክትሮኖች ለየንጥረ ነገሩ በተለየ ጉልበት የታሰሩ ስለሆኑ፣ 707 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለው ኤክስሬይ የሚያናግረው ብረትን፣ 778 አካባቢ ያለው ኮባልትን፣ 853 አካባቢ ያለው ደግሞ ኒኬልን ነው፤ በአንድ ቅይጥ ውስጥ ሦስቱም ተቀላቅለው ቢገኙ እያንዳንዱን በየስሙ መጥራት ይቻላል። ለማግኔት ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ብርሃኑ ክብ ፖላራይዜሽን ያለው መሆን አለበት። የእንዝርት ፈትል ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንደሚከር ሁሉ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ ወደፊት እየተጓዘ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይዞራል፤ እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣትም የተወሰነ ሽክርክሪት ይዞ ይመጣል። ቅንጣቱ ጠልቆ ያለውን ኤሌክትሮን ሲመታው ሽክርክሪቱን ያወርሰዋል፣ በውስጠኛው ምሕዋር ደግሞ ስፒንና ዙረት ጥብቅ ትስስር ስላላቸው የተፈናቀለው ኤሌክትሮን ስፒኑ ወደ አንድ ወገን ያደላ ይሆናል፤ የሚገባበት ባዶ ቦታም በማግኔት ውስጥ ለአንዱ ወገን ስፒን ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ነው። በዚህ የተነሣ ማግኔት ቀኝ ዞሩንና ግራ ዞሩን ኤክስሬይ በእኩል አይውጥም፤ ልዩነቱም የማግኔትነቱ ልክ ይሆናል። ጊዜላ ሹትስ በ1987 በሐምቡርግ ይህን ልዩነት በብረት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤክስሬይ አሳየች። ከቀኝ ዞሩ ብቻ ወይም ከግራ ዞሩ ብቻ የሚገኘው ቁጥር ስለ ማግኔትነት ብዙም አይናገርም፤ ዕውቀቱ የሚገኘው ሁለቱ ሲቀናነሱ ነው። ብረቱ አለ ለማለት አንድ ምስክር ይበቃል፣ ማግኔት ነው ለማለት ግን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

ይህን ብርሃን የሚሠሩት ራሳቸው ማግኔቶች መሆናቸው የሚገርም ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች አንዱሌተር በሚባል፣ አቅጣጫቸው እየተፈራረቀ በተደረደሩ ማግኔቶች መካከል ሲያልፉ እየተወዛወዙ ኤክስሬይ ያመነጫሉ፤ ማግኔቶቹ ኤሌክትሮኖቹን እንደ ጠመዝማዛ እንዲጓዙ ካደረጓቸው ደግሞ ብርሃኑ ክብ ፖላራይዜሽን ይይዛል። በሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች ለሰዓታት በሚዞሩበት ትልቅ ቀለበት፣ ይህ የተለመደ ሥራ ነው፤ ችግሩ ከዚያ የሚወጣው ምት ብዙውን ጊዜ በአሥሮች ፒኮሰከንድ የሚቆይ መሆኑ ነው፣ የሚፈለገው ክስተት ግን ምቱ ሳያልቅ ተጀምሮ ያበቃል። መላው የተጠቆመው በዚያው በ1996፣ የኒኬሉ ግኝት በወጣበት በዚያው መጽሔት ነበር፤ አሌክሳንደር ጆለንትስና ማክስ ዞሎቶሬቭ አጭር የሌዘር ምት ከኤሌክትሮኖቹ መንጋ ውስጥ አንድ ስስ ቁራጭ ብቻ ለይቶ ጉልበቱን እንዲቀይረው፣ ኤክስሬዩም ከዚያ ቁራጭ ብቻ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ ጽሑፎች አንዳቸው ስለ ሌላው ሳያወሱ በአንድ ዓመት ጥያቄውንና የመልሱን መሣሪያ ይዘው ወጡ። በበርሊን ቤሲ በተባለው ሲንክሮትሮን ዘዴው ክብ ፖላራይዜሽን ካለው ብርሃን ጋር ተጣምሮ 100 ፌምቶሰከንድ ያህል የሚቆይ ምት አስገኘ፤ ብርሃኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ አንድን ጥምዝ ለመሳል ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

በ2007 በዚሁ ስፍራ ክርስቲያን ሽታምና ባልደረቦቹ በኒኬል ላይ ያደረጉትን መለኪያ አሳተሙ። ማግኔትነቱ በእርግጥ በ100 ፌምቶሰከንድ ደረጃ እንደሚወድቅ ኤክስሬዩም መሰከረ፤ የስትራስቡርግ ግኝት የመስተዋት መለወጥ ብቻ አልነበረም። ኤክስሬይ ግን ከዚህ አልፎ አንድ ሌላ ነገር ሊጠየቅ ይችላል። በ1992ና በ1993 ቴዎ ቶል፣ ፓኦሎ ካራና ተባባሪዎቻቸው ባወጧቸው የድምር ሕጎች አማካይነት፣ ከሁለቱ ዞር ብርሃኖች ልዩነት ላይ ከስፒን የመጣውን ማግኔትነት ኤሌክትሮን በአቶሙ ዙሪያ ከመዞሩ ከመጣው ለይቶ ማስላት ይቻላል። ስፒን ያጣው ሽክርክሪት ወደ ዙረት ተላልፎ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲቀንስ ሌላው በጨመረ ነበር፤ አልጨመረም። በ2010 የክርስቲን ቦግለን ቡድን በኮባልትና ፓላዲየም ንጣፍ ላይ ሁለቱም እንደሚቀንሱ፣ ዙረቱም ከስፒኑ ጥቂት ቀድሞ እንደሚወድቅ አሳየ። ስለዚህ ጣቱ ወደ ላቲስ፣ ማለትም በሥርዓት ወደተሰደሩት አቶሞች አካል ተቀሰረ፤ ይሁንና ይህ ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች በማስወገድ የተደረሰበት ድምዳሜ እንጂ ላቲሱ ሽክርክሪቱን ሲቀበል ታይቶ የተሰጠ ፍርድ አልነበረም።

የድምር ሕጎቹም ራሳቸው ጥያቄ ያስነሣሉ። ሕጎቹ የወጡት በተረጋጋ ሁኔታ ላለ አቶም ነው፤ በሌዘር በተመታ በ100 ፌምቶሰከንድ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ገና እርስ በርሳቸው ሙቀት እንኳ አልተካፈሉም፣ ሙቀት የሚለው ቃል በዚያ ቅጽበት ለላቲሱና ለኤሌክትሮኖቹ አንድ ቁጥር የለውም። ለረጋ ነገር የተበጀ ሚዛን በሚናወጥ ነገር ላይ ሲውል የሚሰጠው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? የዘርፉ ሰዎች ይህን ጠይቀዋል፣ በስሌትም ፈትሸዋል፤ የተለመደው አካሄድም ሕጎቹን በጥንቃቄ መጠቀም ነው። ጥንቃቄው የሚደነቅ ቢሆንም የጥያቄውን ጥልቀት አይሸፍነውም፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው የመለኪያው ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን የሚለካው ነገር በዚያ ጊዜ መኖሩ ጭምር ነው። ማግኔትነት የብዙ ስፒኖች አማካይ ሰልፍ ነው፤ ሰልፉ የሚፈርስበት ጊዜ እርስ በርሳቸው ከሚያስተሳስራቸው ኃይል ምላሽ ጊዜ ጋር ሲቀራረብ፣ «በዚህ ቅጽበት ማግኔትነቱ ይህን ያህል ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቁጥር እንጂ ሁኔታ ላይናገር ይችላል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በ2011 ኢሊ ራዱና ባልደረቦቹ በበርሊን በጋዶሊኒየም፣ ብረትና ኮባልት ቅይጥ ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። በዚህ ቅይጥ ውስጥ የብረቱና የጋዶሊኒየሙ ስፒኖች እርስ በርስ ተቃራኒ ሆነው ይሰለፋሉ፤ የሚያስተሳስራቸው ኃይል ተቃራኒነታቸውን ያስገድዳል። ኤክስሬዩ ሁለቱን ለየብቻቸው እየጠራ ሲከታተላቸው የብረቱ ማግኔትነት በ300 ፌምቶሰከንድ ገደማ፣ የጋዶሊኒየሙ ግን በ1.5 ፒኮሰከንድ ገደማ ዜሮን አልፎ ሲገለበጥ ታየ። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ይህም በሙቀት ሚዛን ላይ ሊኖር የማይችል፣ ኃይሉ የሚከለክለው ሁኔታ ነው። በተራ ብርሃን ቢሆን ሁለቱ ተደምረው ስለሚነበቡ ይህ አጭር ተቃርኖ ባልተለየ ነበር። ዕውቀቱ የተገኘው በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በመለየት ነው፤ ስለዚህ ዘዴውን «ፈጣን ካሜራ» እያሉ ማወደስ ካሜራው ማንን እንደሚያነጋግር መርሳት ይሆናል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ በ2010 ማርኮ ባቲያቶ፣ ካሬል ካርቫና ፒተር ኦፐኔር አንድ የተለየ መልስ አቅርበው ነበር፤ ስፒኑ አልጠፋም፣ ለማንም አልተላለፈም፣ ተሸካሚዎቹ ኤሌክትሮኖች በሌዘሩ ተነቃቅተው ከተመታው ስፍራ ሸሽተው ነው የሚል። ይህም በከፊል እውነት ሆኖ ተገኝቷል። በ2019 ደግሞ በካሊፎርኒያ ስላክ በተባለው የምርምር ማዕከል በሚገኘው ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር፣ ከዙሪክ የመጣ አንድ ቡድን ላቲሱን በቀጥታ ተመለከተ። ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር ኤሌክትሮኖችን በቀጥታ መስመር እያፋጠነ በረጅም አንዱሌተር ውስጥ በማሳለፍ ከሲንክሮትሮን እጅግ የበረታና በፌምቶሰከንድ የሚለካ የኤክስሬይ ምት የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ የአይንሽታይንና የደ ሐስ ሙከራ በፌምቶሰከንድ ልክ ነበር፤ ስስ የብረት ንጣፍ ማግኔትነቱን በድንገት ሲያጣ አቶሞቹ ሽክርክሪቱን ከተቀበሉ፣ ከንጣፉ ገጽ ወደ ውስጥ የሚጓዝ የጎን መንቀጥቀጥ መፈጠር አለበት። መንቀጥቀጡ ተገኘ፤ ከጠፋው ሽክርክሪት 80 በመቶ ያህሉ በ200 ፌምቶሰከንድ ገደማ ወደ ላቲስ እንደገባም ተሰላ። በ2022 በኮንስታንዝ የኤሌክትሮን ዲፍራክሽንን የተጠቀሙ ተመራማሪዎች በኒኬል ውስጥ አቶሞቹ ራሳቸው በየቦታቸው በጥቃቅን ክቦች እንደሚዞሩ የሚያመለክት ማስረጃ አቀረቡ። በ1915 በክር ላይ የተንጠለጠለው ዘንግ የዞረው በመላ አካሉ ነበር፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ አቶም ለየብቻው ይዞራል፣ ዕቃው በሙሉ ለመዞር ገና ጊዜ አላገኘም።

እነዚህ ሙከራዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር ግን በተለምዶ በቂ ትኩረት አይሰጠውም። የሚወጡት ጥምዞች አንድን ክስተት የሚያሳዩ አይደሉም። ሌዘሩ ንጣፉን ይመታል፣ ኤክስሬዩ ከተወሰነ ቆይታ በኋላ ደርሶ አንድ ነጥብ ያነባል፣ ንጣፉም በውጭ ማግኔት ወደ መጀመሪያው ሰልፉ ይመለሳል፤ ከዚያ ይኸው ሥራ ቆይታው እየተለዋወጠ በሺዎችና በሚሊዮኖች ጊዜ ይደገማል። በጥምዙ ላይ በ100 እና በ200 ፌምቶሰከንድ የተቀመጡት ሁለት ነጥቦች ከተለያዩ መፍረሶች የተገኙ ናቸው፤ «የማግኔቱ መፍረስ» የሚባለው የእነዚህ ሁሉ መፍረሶች አማካይ እንጂ በየትኛውም አንድ ጊዜ የሆነ አይደለም። ይህ የሚፈቀደው ሁሉም መፍረሶች አንድ ዓይነት ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ለአማካዩ ማግኔትነት ይህ እምነት ጥሩ ይሠራል፤ በማግኔት ውስጥ በየጊዜው በተለየ ቦታ ለሚፈጠሩት የስፒን ጎራዎችና ጥቃቅን አዙሪቶች ግን አይሠራም፤ እነርሱ በአማካይ ውስጥ ይሟሟሉ።

ለዚህ መልሱ ሥዕሉን በአንድ ምት ብቻ ማንሣት ይመስላል፤ ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘሮች ብርታቱ አላቸውና። በ2012 በስላክ በኮባልትና ፓላዲየም ንጣፎች ላይ ያሉ የናኖሜትር ልክ የማግኔት ጎራዎች በአንድ የፌምቶሰከንድ ምት ሆሎግራም ተነሥተዋል። በጣልያን በትሪየስት ያለው ፌርሚ የተባለው ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር ፖላራይዜሽኑን እንደልብ መምረጥ የሚያስችል ሲሆን፣ በስላክም ለዚሁ ስለተሠራ አንዱሌተር በ2016 ጽሑፍ ታትሟል። ብርታቱ ግን የራሱን ወሰን ይዞ መጣ። ብዙ የብርሃን ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት ሲደርሱ አቶሞቹ የዋጡትን መልሰው ከመጪው ብርሃን ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲያወጡ ይገደዳሉ፤ በዚህም ምክንያት በ2016 በእነዚሁ ዓይነት ንጣፎች ላይ እንደታየው ምቱ እየበረታ ሲሄድ የማግኔት ጎራዎቹ ይበትኑት የነበረው ብርሃን እየደበዘዘ፣ ንጣፉ ለኤክስሬዩ ግልጽ እየሆነ ይሄዳል። ብርሃን ሲጨመር ማግኔቱ ከዕይታ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ምቱን ሆን ብለው ያደክሙታል፣ ያጡትንም በብዛት ያካክሳሉ፤ በሐምቡርግ አጠገብ በ2017 የተከፈተው የአውሮፓ ኤክስሬይ ሌዘር በሰከንድ እስከ 27,000 ምት፣ በ2023 የመጀመሪያ ብርሃኑን ያየው የስላክ አዲሱ መሣሪያ ደግሞ እስከ ሚሊዮን ምት እንዲያወጡ የታሰቡት በከፊል ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ይህም መልሶ ወደ አማካዩ ይወስዳል።